የዘንገናዋ እናት ደብዳቤ

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ዓምድ እንደተለመደው የሚደርሱንን ደብዳቤዎች አሳጥረን እያቀረብን መልስ ሰጥተን ነበር የምናልፈው። በዚህ ወር ግን ከአንዲት ደብዳቤ ማለፍ አልሆነልንም። ደብዳቤዋ ሁለት ገጽ ናት። ከአዊ ዞን ድንች ጭኖ አዲስ አበባ የገባ ነጋዴ ወንድማችን በእጁ ይዞ ነው ያመጣልን። በዘንገና ሐይቅ አቅራቢያ የሚኖሩ አንዲት እናት ሲናገሩ ጎረቤታቸው የሆነ መምህር ጽፎላቸዋል። ስማቸውንም የልጃቸውንም ስም እንዳናወጣ አደራ ብለውናልና አናወጣም።

እንዲህ ይላሉ፦

«ልጄ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። በአራት ዓመቱ ትኩሳት ጣለው፤ አንገቱ ደርቆ ራሱን ሳተ። ጤና ጣቢያ አስተኝተነው በመርፌ ተረፈልን፤ አልሐምዱሊላህ። ግን ከዚያ ወዲህ አይሰማም። ያወራ የነበረውንም እያደር ረሳው። ትምህርት ቤት እስከ ሦስተኛ ክፍል ሄዷል። ሰሌዳ ላይ ያለውን ሲገለብጥ ጽሑፉ ያምር ነበር፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን አያውቅም። ከዚያ ፈረስ ጠባቂ ሆነ፤ ለፈረስ የተፈጠረ ነው። ከኅዳር ወር ጀምሮ ግን ልጄ ሌላ ሰው ሆነብኝ። ከእኛ ጋር አይበላም። ፈረሶቹን ትቷቸዋል። ጎህ ሳይቀድ ይወጣና ሐይቁ አፋፍ ላይ ተቀምጦ ይውላል። ጎረቤቶቼ ጠበል ውሰጂው አሉኝ። ዘመዶቻችን ደግሞ የሚቀራ ሰው አመጡልኝ። ሲቀራበት ታገለ፤ አራት ሰው ያዘው። ከዚያ ቀን ወዲህ የሰው እጅ ሲቀርበው ይሸሻል። የባሕር ጂን ይዞት ይሆን? ወይስ ደንቆሮነቱ ወደ እብደት ዞሮ ነው? አማኑኤል ልውሰደው? ሶላቱስ እንዴት ይሆናል? ደግሞም ዘመኑን ታውቁታላችሁ፤ መንገድ ላይ ‹ቁም!› ቢሉት አይሰማም።»

በሁለተኛው ገጽ ጀርባ፣ ሰላምታው ካለቀ በኋላ፣ መምህሩ በጠባቡ ቦታ አንዲት መስመር ጨምሯል፦ «ታናሽ እህቱ ዳንግላ አክስቷ ዘንድ ሆና ትማራለች፤ እሷ ብትኖር እጁን ታውቅለት ነበር።» ይህችን መስመር መጀመሪያ ሳናያት አልፈናት ነበር።

ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የተጓዘ ሰው ዘንገናን ያውቀዋል። እንጅባራ (ብዙዎች ኮሶበር የሚሉት) ከመድረሱ በፊት ከአስፋልቱ ጥቂት ገባ ብሎ፣ ዙሪያውን በዛፍ የተከበበ ክብ ሐይቅ ነው። እሳተ ገሞራ በቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ በመሆኑ ስፋቱ ሳይሆን ጥልቀቱ ነው የሚያስገርመው፤ ከ160 ሜትር በላይ ይወርዳል። እንዲህ ያለ ጥቁር ውኃ ባለበት አገር ሁሉ የውኃው ባለቤት ይህ ነው ያ ነው የሚል ወሬ አይጠፋም። አንድ የማይናገር ወጣት በየማለዳው አፋፉ ላይ ሲቀመጥ የሰፈሩ ሰው ሐሳብ ወዴት እንደሚሄድ ለመገመት አያዳግትም።

ደብዳቤው ላይ የስልክ ቁጥር ስለነበረ ወደ እህታችን ደወልን። ግማሽ ሰዓት ያህል አነጋገርናቸው። መቼ ጀመረው? እንቅልፉስ? ይበላል? ያለቅሳል? ብለን ጠየቅን፤ እሳቸውም የሚያውቁትን መለሱ። ልጁ በዚያ ሰዓት ከአጠገባቸው ተቀምጦ እንደነበር ያወቅነው ስልኩን ልንዘጋ ስንል ነው። እኛም እንደ ጎረቤቶቹ፣ እንደ ዘመዶቹ፣ እንደ ቀሪው ሰውዬ ስለ ልጁ ሌላ ሰው ነበር የጠየቅነው። በዚህ አፈርን። መምህሩ በጠባቡ ቦታ ወደጻፋት መስመር የመለሰንም ይኸው ነው።

ልጅቷ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። በእናቷ ፈቃድ በአክስቷ ስልክ አገኘናት። ከወንድሟ ጋር ያደገችው በእጅ እየተነጋገሩ ነው። ቋንቋውን ማንም አላስተማራቸውም፤ ሁለቱ ሕፃናት ፈረስ ሲጠብቁ የፈጠሩት ነው። ለእናታቸው አንድ ምልክት አለ፤ ለአባታቸው ሌላ፤ ለእያንዳንዱ ፈረስ ደግሞ የየራሱ። «ነገ»ን ከ«ትናንት» የሚለዩበት፣ የሚቀልዱበት፣ ሰው የሚያሙበትም ምልክት አላቸው። ሌላው ቤተሰብ «ብላ»፣ «ና»፣ «ተው» የሚሉትን ብቻ ያውቃል። እሷ ዳንግላ የሄደችው በጥቅምት መጨረሻ ነው። እናቲቱ ልጄ ሌላ ሰው ሆነብኝ ያሉት ከኅዳር ጀምሮ ነው። ወዴት እንደምትሄድና መቼ እንደምትመለስ ለወንድሟ ነግራው እንደሆነ ስንጠይቃት ዝም አለች። ከዚያ፣ «እንዳያለቅስብኝ ሳልነግረው ነው የወጣሁት» አለችን።

ውድ አንባቢያን፣ ስለ ጂኑ ጥያቄ መልስ ሳንሰጥ ልናልፍ አንችልም። ጂን መኖሩን በአላህ ኪታብ የምናምን ሰዎች ነን። በቁርኣን ሩቅያ ማድረግም የተፈቀደ ነው። ነገር ግን ገጠሬዎቹ ዐረቦች ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ.) መታከም ይገባን እንደሆነ በጠየቋቸው ጊዜ እንዲታከሙ ማዘዛቸውም ሐዲስ ነው። ሩቅያ ሕክምናን አይዘጋም። እስቲ ደግሞ ያን ቀን በልጁ ዓይን እንየው። ቂርኣቱን አይሰማም። የሚያየው አንድ የማያውቀው ሰው ፊቱ ቀርቦ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ፣ ውኃ ሲረጭበት፣ ከዚያም የገዛ አጎቶቹ እጅና እግሩን ሲይዙት ነው። ምን ሊያደርጉት እንደሆነ ማንም አልነገረውም። እኛስ ብንሆን አንታገልም ነበር? መታገሉ የጂን ምስክር ተደርጎ ተቆጠረበት እንጂ እንኳን የተያዘ የደነገጠም ሰው እንዲሁ ነው የሚያደርገው።

እህታችን «ደንቆሮነቱ ወደ እብደት ዞሮ ይሆን?» ያሉትን ለብቻው እንይ። አለመስማት አእምሮን አይነካም። ልጁን በአራት ዓመቱ የጣለው ሕመም፣ ምልክቱን እንደገለጹት ከሆነ፣ የማጅራት ገትር ይመስላል። ይህ በሽታ የውስጠኛውን ጆሮ ያበላሻል። እንደ ጄንታማይሲን ያሉ አንዳንድ መርፌዎችም በአንዳንድ ሰው ላይ ጆሮን ይጎዳሉ። ስለዚህ እናቲቱ መርፌውን ስለፈቀዱ ራሳቸውን እንዳይወቅሱ እንለምናቸዋለን፤ ያ ሕክምና ባይኖር ልጁ ራሱ ላይኖር ይችል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ዘገባ ሕክምናና ድጋፍ የሚያስፈልገው የመስማት ችግር ያለበት ሰው ከ430 ሚሊዮን ይበልጣል። በሕፃናት ላይ ከሚደርሰውም ወደ 60 በመቶው በክትባት፣ በወሊድ እንክብካቤና የጆሮ መግልን በጊዜ በማከም ሊቀር የሚችል ነበር። ሕፃናት ያሏችሁ እናቶች የኩፍኝ ክትባትንና የሚመግል ጆሮን ቸል አትበሉ።

አንድ ልጅ መስማት ሲሳነው የሚጎድለው ድምፅ ብቻ ቢሆን ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር። በጆሮው ይገባ የነበረው ቋንቋ ነው የሚቀርበት። መስማት ከተሳናቸው አሥር ልጆች ዘጠኙ ያህል የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው። በመሆኑም ልጁ በገዛ ቤቱ እንደ እንግዳ ያድጋል። እራት ላይ ሰው ሲስቅ ለምን እንደሳቀ አያውቅም። አያቱ ሲሞቱ ወዴት እንደተወሰዱ የሚነግረው የለም። ሲቆጡት ጥፋቱን አይረዳም። ለዓመታት እንዲህ የኖረ ሰው ቢያዝን፣ ቢቆጣ፣ ቢጠራጠር ያስደንቃል? መስማት የተሳናቸው ሰዎች ከሌላው ይልቅ ለጭንቀትና ለድብርት የተጋለጡ መሆናቸውን በብዙ አገር ያጠኑ ሐኪሞች ይናገራሉ። አብዛኞቹ ምክንያቱን ከጆሮው ይልቅ በዙሪያው ባሉ ሰዎች ዘንድ ነው የሚፈልጉት።

የሐኪሙም ሥራ ከባድ ነው። የአእምሮ ሕክምና ምርመራው ንግግር ነው። ወባ በደም ይታያል፤ የሰው ሐዘን ግን ሰውየው ካልተናገረ በምን ይታያል? በእንግሊዝ አገር ጆን ዴንማርክ የተባሉ የአእምሮ ሐኪም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1968 ፕሬስተን ከተማ አጠገብ በሚገኘው ዊቲንግሃም ሆስፒታል መስማት ለተሳናቸው ሕሙማን የተለየ ክፍል ከፈቱ። እኚህ ሐኪም በምልክት ቋንቋ ማነጋገር የሚችሉ ነበሩና ከዚያ በፊት ያልታየውን አዩ። ቋንቋ አጥቶ ያደገው የአእምሮ ዝግመት አለበት ተብሎ፣ እጁን እያወናጨፈ ስሜቱን የገለጸው ደግሞ እብድ ተብሎ፣ በየሆስፒታሉ ዓመታት ያለፈባቸው ሰዎች ነበሩ። በሌላ በኩል በእርግጥ የታመመው ሰው «ደንቆሮ ስለሆነ ነው» ተብሎ ሳይታከም የሚቀርበት ጊዜ ነበር። ይህን ያህል ሀብት ባለበት አገር እንዲህ ከሆነ በእኛ አገር ያለውን አንባቢ ራሱ ይመዝነው።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። በሙስሊሙ ዘንድ ስለ አካል ጉዳት ሲነሳ ሁልጊዜ የምንጠቅሰው የዓይነ ስውሩን የዐብደላህ ኢብን ኡሙ መክቱምን (ረ.ዐ.) ታሪክ ነው። መልካም ነው። መስማት ስለተሳናቸው ግን ምን ስንል ተሰምቶ ያውቃል? ይልቁንም ከመካከላችን አንዱ በአንድ ደርስ ላይ ተገኝቶ የሰማው ነገር እስካሁን ይቆረቁረዋል። ተናጋሪው በቁርኣን ውስጥ «ደንቆሮ፣ ዲዳ፣ ዕውር» የተባሉትን ከሓዲዎች ሲያብራራ ምሳሌ ያደረገው በሰፈሩ የሚያልፍ አንድ መስማት የተሳነውን ልጅ ነበር። አላህ ይማረው። ቃሉ የተነገረው እውነት ቀርቦላቸው አንሰማም ላሉ ልቦች ነው። የሚታወረው የደረት ውስጥ ልብ መሆኑን ራሱ ቁርኣን በሱረቱል ሐጅ ገልጾታል። ጆሮው በበሽታ የተዘጋ ልጅ በዚህ ውስጥ የለበትም።

እንዲያውም በእጅ መናገር በኪታባችን የተከበረ ቦታ አለው። ነብዩ ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) ልጅ በተበሰሩ ጊዜ ምልክታቸው ሦስት ቀን ሰውን በጥቅሻ እንጂ በቃል አለማናገር ነበር፤ ሕዝባቸውንም አላህን እንዲያወድሱ በምልክት አዘዙ። መርየም (ዐ.ሰ.) ዝምታን ተስላ ስለነበር ሕዝቧ ሲከሷት የመለሰችው ወደ ሕፃኑ በማመልከት ነው። ኢማሙ አል-ቡኻሪ በሰሒሓቸው ስለ ፍቺ በሚናገረው ክፍል ምልክትን የሚመለከት ርዕስ ከፍተዋል፤ መናገር የማይችል ሰው በጽሑፍ ወይም በታወቀ ምልክት የሚሰጠውን ቃልም አንስተዋል። ዑስማኒያዎች በ19ኛው መቶ ዘመን በደነገጉት በመጀለ ሕግ 70ኛው አንቀጽ የዲዳ የታወቀ ምልክት በምላስ እንደመናገር ይቆጠራል። በእነዚሁ ሡልጣኖች ቤተ መንግሥት ከዚያ ቀደም ብሎ መስማት የተሳናቸው አገልጋዮች ነበሩ፤ የእነሱን የምልክት ቋንቋም የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ተምረው ይነጋገሩበት ነበር።

ከዑለማም ቢሆን፣ የኢማሙ ሻፊዒይን «አል-ኡምም» ከደቀ መዝሙራቸው ከረቢዕ ኢብን ሱለይማን ተቀብለው ካስተላለፉት አንዱ የነይሳቡሩ አቡል ዐባስ አል-አሶም ናቸው፤ የሞቱት በ346 ዓመተ ሂጅራ ነው። «አል-አሶም» ማለት የማይሰማ ማለት ነው። በወጣትነታቸው ለትምህርት ብዙ አገር ዞረው ሲመለሱ ጆሯቸው ተደፈነ፤ የአህያ ጩኸት እንኳ እስከማይሰሙ ድረስ። ሆኖም እስከ እርጅናቸው ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ ሐዲስ ፈላጊውም ከየአገሩ ይጎርፍላቸው ነበር። በአገራችንም የሻፊዒይ መዝሀብ ተከታይ ብዙ ነውና ይህን ማወቁ አይከፋም።

አቡ ዘር (ረ.ዐ.) ባስተላለፉትና ኢማሙ አሕመድ በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ ለማይሰማው ሰው እስኪገባው ድረስ ማስረዳት ከሰደቃ ተቆጥሯል። እስኪገባው ድረስ! ይህ እንግዲህ «ብላ»ና «ና» ብሎ ከማቆም ይበልጣል።

በአገራችን መስማት ለተሳናቸው ልጆች ዘመናዊ ትምህርት ቤት በመክፈት የቀደሙት የውጭ ሚሲዮናውያን ናቸው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ በአዲስ አበባ መካኒሳ፣ በኋላም በሆሳዕና በመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ሥር የተከፈቱት ይጠቀሳሉ። የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበርም ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ በዲግሪ ያስተምራል። ፊደላችን እንኳ በጣት ይጻፋል፤ ለ«ሀ»፣ ለ«ለ»፣ ለ«ሐ» የየራሳቸው የእጅ ቅርጽ አላቸው፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ሆሄያት ደግሞ እጁን በማንቀሳቀስ ይለያሉ። ያመሰገንነውን ማመስገን ግዴታችን ነው፤ ሰው የሠራውን አንክድም። ነገር ግን ይህ ሁሉ ሲሆን የእኛ መድረሳና መስጊድ የት ነበር? ስንቱ ሙስሊም ልጅ ስለ ፈጣሪው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገባው ቋንቋ ያገኘው ከእኛ ዘንድ አይደለም። ይህን ስናስብ ወቀሳችንን ወደ ሌላ ማዞር አይቻለንም። በመካና በመዲና ሐረም የጁሙዓ ኹጥባ በምልክት ቋንቋ ይተረጎማል። እኛ ዘንድ ግን ሚናራው ላይ አራተኛ ድምፅ ማጉያ ለመስቀል ገንዘብ ሲዋጣ እናያለን።

ለአዊ ልጆች ሆሳዕናም አዲስ አበባም ሩቅ ነው። በክልሉ በመደበኛ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የተከፈቱ ልዩ ክፍሎች አሉ፤ ሆኖም ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ሌላው ልጅ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ትምህርት ይቀርበታል። መስማት የተሳነው ልጅ የሚያነጋግረውን ሰው ሁሉ ነው የሚያጣው።

ለዒድ ልጅቷ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ቀደም ብለን አንድ ነገር ለምነናት ነበር፤ ወንድሟን ሰው በሌለበት እንድትጠይቀው። እሷም አፋፉ ላይ ከጎኑ ተቀምጣ ምን እንደሚያይ ጠየቀችው። ልጁ ወደ ውኃው አላመለከተም። ፊቱን ወደ አስፋልቱ አዞረ፤ የመኪና ምልክት፣ ከዚያ የእሷን ምልክት፣ ከዚያ እጁን ዘርግቶ ባዶነቱን አሳያት። እሷን የወሰደው ሚኒባስ ያለፈው በዚያ ነው። እሱም የሚጠብቀው መመለሷን ነበር። እናቲቱ ይህን ሲነግሩን ድምፃቸው ተቆረጠ፤ እኛም የምንለው አጣን።

ይህ ሲባል ልጁ አልታመመም፣ ሕክምና አያስፈልገውም ማለታችን አይደለም። ሐዘን በምክንያት ጀምሮ በሽታ ሆኖ ይቀራል። ወራት ያለፈው፣ እንቅልፍን የነሳ፣ ሰውነትን ያመነመነ፣ የሚወደውን ሥራ ያስተወ ሐዘን የሐኪም ነው። ስለዚህ ለእህታችን የምንለው እንዲህ ነው።

በመጀመሪያ ወደ እንጅባራ ሆስፒታል ይውሰዱት፤ ካስፈለገም ወደ ባሕር ዳሩ ፈለገ ሕይወት ይልኩታል። አማኑኤል የመጀመሪያ በር መሆን የለበትም። ሲሄዱ ልጅቷም አብራ ትሂድ። ሐኪሙ እርስዎን ሲጠይቅ፣ «እባክዎ በእሷ በኩል እሱን ይጠይቁት» ይበሉ። ጽፎ ቢያሳየው እንደማይጠቅምም ይንገሩት፤ ልጅዎ መገልበጥ እንጂ ማንበብ አልተማረምና። ጥቂት ጊዜም እርስዎ ውጭ ይቆዩ። በእናት ፊት የማይነገር ነገር አለ። በዚህ ላይ ግን አንድ ሥጋት አለን። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የወንድሟን ልብ ሁሉ ለብቻዋ መሸከም አይገባትም። ከባዱን ጥያቄ ሐኪሙ ይጠይቅ፤ ከተገኘ ደግሞ በምልክት ቋንቋ የሠለጠነ ሰው አብሮ ቢሆን ይመረጣል። ከከባዱ ጥያቄ አንዱ ሞትን አስቦ እንደሆነ ነው። ይህን መጠየቅ ሐሳቡን እንደማይተክልበት ሐኪሞች ይስማማሉ። እስከዚያው ብቻውን አፋፍ ላይ አይዋል፤ ሰው ይከተለው፣ ግን አይያዘው።

ሁለተኛው የቤቱ ሁሉ ሥራ ነው። ልጅቷ ዒዱን ጨርሳ ከመመለሷ በፊት እርስዎም አባቱም ከእሷ ይማሩ። በቀን አምስት ምልክት ቢይዙ በሁለት ሳምንት ሰባ ይሆናል። ስትሄድም የምትመለስበትን ቀን ራሷ ትንገረው፤ ቀኖቹን በግድግዳ ላይ እየሰረዘ ይቁጠር። መስመሩ ክፍት ሲሆን ደግሞ በስልክ በምስል ይተያዩ፤ ለእነሱ ስልክ የሚጠቅመው እንዲህ ነው። ፈረሶቹንም ቀስ ብለው ይመልሱለት። በአዊ ምድር ፈረስ የሚያውቅ ልጅ መቼም ሥራ ፈት አይባልም።

ሦስተኛ፣ ሌሎች እንደ እሱ ያሉትን ይፈልጉለት። በገበያ ቀን እንጅባራ ላይ ቢጠይቁ አንድ ሁለት አይጠፉም። በኒካራጓ እ.ኤ.አ. ከ1977 ወዲህ መስማት የተሳናቸው ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ትምህርት ቤት በተሰበሰቡ ጊዜ፣ መምህራኑ ምልክት ሳያስተምሯቸው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ራሳቸው የተሟላ ቋንቋ አውጥተዋል። ልጅዎና እህቱ ፈረስ ሲጠብቁ የጀመሩት ይህንኑ ነው። ወደ ወረዳው የማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትም ይሂዱና ስሙን ያስመዝግቡ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን የአካል ጉዳተኞችን እንዲረዳና እንዲያቋቁም ያዛል። አዋጅ ቁጥር 568/2000 በሥራ ቅጥር እንዳይገለሉ ይከለክላል። በ2002 ዓ.ም. አገራችን ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም የምልክት ቋንቋን በስም ይጠቅሳል። «አቅም በፈቀደ መጠን» የምትለዋ ሐረግ ብዙ እንደምትመልስ እናውቃለን፤ ያልተመዘገበ ሰው ግን ከዚያችም አይደርስም።

ስለ ሶላቱ የጠየቁን ያስደሰተን ጥያቄ ነው። አላህ ነፍስን ከችሎታዋ በላይ አያስገድድም። መናገር ለማይችል ሰው ቂርኣቱ እንደሚነሳለት ፉቀሃዎች ይናገራሉ። ሩኩዑን፣ ሱጁዱን፣ ውዱኡን አይቶ ይማራል። በመስጊድ ኢማሙን ወይም የፊቱን ሰው በደንብ ከሚያይበት ሰፍ ይቁም፤ ሰዎች አይግፉት። የሚሰግድለት ጌታ ማን እንደሆነ ግን በማየት ብቻ አይታወቅም፤ ያን የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል። ጊዜው ሲደርስም ኒካሑ በራሱ ምልክት ይታሰራል፤ ሌላ ሰው ስለ እሱ «አዎ» አይበልለት።

«ቁም!» ስላሉት ፍርሃትዎ የምንመክረው ጥቂት ነው። የማይሰማ መሆኑ በትልቁ የተጻፈበት ወረቀት አንገቱ ላይ ይሁን። ብቻውን ሲመሽ አይውጣ። የታጠቀ ሰው ሲያይ እጁን ገልጦ እንዲያሳይና እንዲቆም እህቱ ታሠልጥነው። የአካባቢው ሽማግሌዎችም፣ ሙስሊምም ክርስቲያንም፣ ለሚመለከታቸው ሁሉ ይንገሩለት። ጠበል ውሰጂው ያሉት ጎረቤቶችዎ በቅንነት ነው ያሉት፤ በዚህ ጉዳይ ደግሞ ከማንም ይልቅ እነሱ ይጠቅሙዎታል።

በእንጅባራ፣ በዳንግላና በአካባቢው የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የምታውቁ ወንድሞችና እህቶች ካላችሁ፣ ወይም መስማት የተሳነው ልጅ በቤታችሁ ካለ፣ በዝግጅት ክፍላችን አድራሻ ጻፉልን። ለዘንገናዋ እህታችን እናደርሳለን። የዳንግላ መስጊድ ጀመዓ አባል የሆናችሁም፣ ልጅቷ በሳምንት አንድ ቀን ለሴቶች የምታስተምርበት ክፍል ይገኝ እንደሆነ እየጠየቅን ነው፤ ፈቃደኛ መሆኗን ነግራናለች።